ለቀይ አንድ ቋጠሮ

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ያን ቀንም እኮ ጠጥቶ ነበር አሉ።"

ሄርሜላ የቡና ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ተናጋሪው ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው። ከድንኳኑ የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አጠገቡ ወዳለው ሰውዬ ጆሮ ጠጋ ብሏል። እሱ ማንሾካሾኩ ነበር፤ ሸራውን ሲደበድብ የቆየው ዝናብ ድንገት ጋብ አለና ድምፁ ሦስት አግዳሚ ተሻግሮ ተሰማ።

"የቱን ቀን?"

"ሐዋሳ፣ የልጆቹ ውድድር ላይ ነዋ! ማሽኑን በገዛ እጁ አቃጠለው። ሽቦውን እንኳ መያዝ አቅቶት ሲደናበር ሰው ሁሉ አይቶታል። ይኸው ከቡሌ ሲወርድም ሞተሩን መቆጣጠር አቃተው።"

"የወንጌል አማኝ አልነበረም እንዴ?"

"ተወኝ እስቲ! የሰው ሆድ ማን ገብቶ ያየዋል?"

ሄርሜላ ወሬውን ወዲያው አወቀችው። እናት ልጇን ከሩቅ ባረማመዱ እንደምትለየው ነው የለየችው፤ የወለደችው እሷ ናታ። ትሪውን ወደ ሰውዬው ዘረጋች። ሰውዬው ብርጭቆውን አነሣና "ተባረኪ፣ የኔ ልጅ" አላት። ምርቃቱ እንደ እሾህ ወጋት።

ደጀኔ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዲላ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ አስተማሪ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት የተማሪዎች የሮቦት ቡድን ያቋቋመውም እሱ ነው። ሰኞ ከሰዓት ከቡሌ ሲመለስ ሞተር ብስክሌቱ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ገደል ገባ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ነገ ከሰዓት ድንኳኑ ይነሣል። አባቱ አቶ ባልቻም ወደ ዱመርሶ፣ ወደ ቡና ማሳቸው ይመለሳሉ። አቶ ባልቻ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልጄ ሰክሮ ሞተ ብለው ከተመለሱ ያንን ከልባቸው የሚያወጣላቸው ማንም የለም፤ ሄርሜላን ያስፈራት ይኸው ነው። እውነት ይሁን ሐሰት ግን ራሷም አታውቅም። ያየችውን ነበር የተናገረችው።

ቡድኑ የሚሠራው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለች፣ ጣሪያዋ በሚያፈስ የዕቃ ክፍል ውስጥ ነበር። ደጀኔ ዘንድሮ ሥራ በጀመሩበት ቀን ስድስቱን ተማሪዎች ሰብስቦ "ምን እንሥራ?" ሲል ጆሲ "እግር ኳስ የሚጫወት!" አለ። ሌላዋ "ሣህን የሚያጥብ!" ብላ ሁሉም ሳቁ። ደጀኔ ሲስቁ ጠበቃቸውና "እኔ ደግሞ ዓይን መሥራት እፈልጋለሁ" አላቸው። "ቀዩን ቡና ከጥሬው የሚለይ ዓይን። ጌዴኦ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቡና ይለቅማል፤ የሚሳሳት ደግሞ አለ። ለሚሳሳተው እንሥራለት።" ሮቦቱን ለቃሚ ብለው ሰየሙት።

ደጀኔ አንድ የሚያስቃቸው አመል ነበረው። የሽቦ ቁራጭ ወይም የተቀባ ሽምብራ ብድግ ያደርግና "ይህ ምን ቀለም ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የቡና ወቅት ስላለፈ ለቃሚን የሚያለማምዱት ግማሹን ቀይ ግማሹን አረንጓዴ በቀቡት ሽምብራ ነበር።

"ቲቸር፣ መዋዕለ ሕፃናት ነን እንዴ?" ትለዋለች ሄርሜላ።

"መልሽ ብያለሁ፣ መልሽ።"

"ቀይ ነው፣ ቲቸር።"

"ጎበዝ!" ይልና ሥራውን ይቀጥላል። እነሱ እየፈተናቸው ይመስላቸው ነበር።

ሄርሜላ የሽቦው ኃላፊ ናት። ሥርዓት ትወዳለች፤ እናቷ "አንቺ ልጅ የጉንዳን ሰልፍ ሳይቀር ታስተካክያለሽ" ይሏታል። ወደ ሐዋሳ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው የዳኞቹን መመዘኛ ስታነብ "የሽቦ አያያዝ ንጽሕና፣ አሥር ነጥብ" የሚል አገኘች። ለቃሚን ገልብጣ ሆዱን ከፈተችው። ሁሉም ሽቦ ጫፉ አጠገብ ነጭ ክር ተቋጥሮበታል፤ ከዚህ በፊትም አይታው ንቃ ትታዋለች፤ አሁን ግን ክሩ ቆሽሿል፣ ተበጣጥሷል። ደጀኔ ሮቦቱን ዓርብ ዓርብ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ ሚስቱ ሥርጉት ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌቱ የተጣበቀ ውዳቂ ነው አለች ለራሷ። ከጠረጴዛው ላይ መቀስ አነሣችና ክሩን አንድ በአንድ ቆርጣ ጣለችው። ሥራዋ አምሮባት ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ሐዋሳ ላይ ተራቸው ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ባትሪው ደከመ። ሄርሜላ ዳኞቹ ፊት ቀርባ ስለ ሥራው እያስረዳች ነበር፤ ጆሲ ሽምብራውን እያዘጋጀ ነው። ባትሪውን ለመቀየር ደጀኔ ካቻቢቴውን ይዞ አጎነበሰ። የትኛው ሽቦ የትኛው እንደሆነ የሚለየውን ቴስተር ጠዋት ለሌላ ከተማ ልጆች አውሷቸው ገና አልመለሱም። ሄርሜላ ከዳኞቹ ጠረጴዛ ሆና አየችው፦ ሁለቱን ሽቦዎች፣ ቀዩንና አረንጓዴውን፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ይዞ ያሻቸዋል። ይለቃቸዋል፣ እንደገና ይይዛቸዋል። እንደ ዕውር ይዳብሳቸዋል። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ቀና ብሎ ፈለጋት፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አፉን ሊከፍት ሲል ዳኛው "ጊዜ!" አለ። ደጀኔ ሽቦዎቹን አስገብቶ አጠበቃቸው። ተገልብጠው ኖሯል፤ ከለቃሚ ሆድ ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ቦርዱ ተቃጠለ፣ የአንድ ዓመት ሥራ በዚያው አለቀ።

ሲመለሱ አውቶብስ ውስጥ ደጀኔ ፊት ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። "የኔ ጥፋት ነው፣ ልጆች" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ሄርሜላ ቁጣዋ ገንፍሎ ወደ ጆሲ ዞረችና "እጁን አላየኸውም? ጠጥቶ ነው እንጂ ቀይና አረንጓዴ የሚጠፋበት ሰው አለ?" አለችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ደጀኔ የኖረው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ትሪውን አስቀምጣ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዞረች። ጆሲ ከእድሩ የመጡትን ተጨማሪ ወንበሮች ይደረድራል። እጁን ይዛ ወደ ግድግዳው ሳበችው።

"ለማን ነው የተናገርከው?"

"ምኑን?"

"ጠጥቷል ያልኩህን ነዋ! ድንኳን ውስጥ እያወሩት ነው።"

ጆሲ ፊቱ ጠቆረ። "ሄርሚ ሙች፣ ለክፍላችን ልጅ ለሮሆቦት ብቻ ነው የነገርኳት። እሷ ደግሞ ለእህቷ ብቻ።"

"ሁላችሁም ለአንድ ሰው ብቻ!"

"አንቺስ ለእኔ ብቻ አይደል ያልሽኝ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አሁን ምን እናድርግ? ተነሥተን ‘ውሸት ነው’ እንበል? ውሸት መሆኑን በምን እናውቃለን? እጁን እኔም አይቼዋለሁ እኮ።"

እጁን ለቀቀችው። ወደ ድንኳኑ ስትመለስ አቶ ባልቻ እየተናገሩ ነበር። ከመግቢያው አጠገብ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ጎናቸው ያለው አብዱልአዚዝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ሲሆን ለቡድኑ ሽቦና ባትሪ የሚሰጠው፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ልጆቹን ብየዳ የሚያለማምደው እሱ ነበር። የአቶ ባልቻ አማርኛ በጌዴኦኛ ዜማ የሚሄድ፣ ሴትና ወንድ የማይመርጥ አማርኛ ነው።

"ልጅ ሆኖም ልቡ ሥራ ላይ አልነበረም" አሉ። "ቡና ልቀም ብዬ እልከዋለሁ። እኩዮቹ ቀይ ቀዩን ለቅመው ይመጣሉ፤ እሱ ጥሬውን ከቀዩ ደባልቆ ይመጣል። አንድ ቀን የቡና መፈልፈያ ጣቢያው ቅርጫቴን ሰው ፊት መለሰብኝ። መታሁት። በነጋታው ያንኑ ደገመ፤ መታሁት። ለቡና አይሆንም ብዬ ነው ትምህርት ቤት የሰጠሁት።"

"ኧረ አባባ፣ እንደ እሱ ጠንቃቃ ሰው አላየሁም" አለ አብዱልአዚዝ።

"ጠጣ ይላሉ።" ሽማግሌው በትራቸውን አጥብቀው ያዙ። "ጆሮ አለኝ እኮ፣ እሰማለሁ። እኔ ልጄን ሳላውቀው ቀበርኩት ማለት ነው።"

አብዱልአዚዝ መሬት መሬት አየ። ሄርሜላም ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም፤ ወጥታ ቧንቧው ጋ ሄደችና ያልቆሸሸ ብርጭቆ ታጥብ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሥርጉት አስጠራቻት። መኝታ ቤቱ ጥግ የስፌት መኪናው ነጠላ ለብሶ ቆሟል። የደጀኔ ልብስ አልጋው ላይ ተቆልሏል፤ ድንኳኑ ሳይነሣ ለቸገራቸው እንዲሰጥ ተወስኗል። ሥርጉት ሦስት ቀን ሙሉ ከማልቀስ በቀር ድምፅዋ አልተሰማም ነበር። አሁን ዓይኗ ደርቋል።

"አንቺ ማጠፍ ታውቂበታለሽ ይል ነበር" አለቻት። "ካልሲውን ለብቻ፣ ሹራቡን ለብቻ አድርጊልኝ።"

ሄርሜላ ካልሲዎቹን ታጣምር ጀመር። አንዱን ስታነሣ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። በካልሲው አፍ ከውስጥ በኩል ነጭ ክር ተቋጥሯል። ሌላውን አየች፤ እሱም ላይ አለ። ሹራቡን ገለበጠችው፤ አንገቱ ላይ ክር አለ። ሸሚዙም ላይ እንደዚያው። ክሩን አወቀችው።

"እትዬ ሥርጉት፣ ይህ ክር ምንድን ነው?"

ሥርጉት በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች። ከዚያ ቡናማዋን ካልሲ ከክምሩ አንሥታ በአውራ ጣቷ አሻሸቻት።

"ለቀይ አንድ ቋጠሮ፣ ለአረንጓዴ ሁለት፣ ለቡኒ ሦስት። ደጀኔ ቀለም አይለይም ነበር። ቀይና አረንጓዴ ለእሱ አንድ ናቸው፤ ሲወለድም እንደዚያ ነው። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ‘ቀለም የማይለይ የኤሌክትሪክ አስተማሪ ነው ከተባልኩ በማግሥቱ ጠመኔውን ይነጥቁኛል’ ብሎ አስምሎኛል። የሮቦታችሁን ሽቦ ዓርብ ዓርብ ያመጣልኝ ነበር፣ እየዳሰሰ እንዲያውቀው እቋጥርለታለሁ። ሽቦው ቀይና ጥቁር ሲሆን ግድ የለውም። ጥቁሩ አልቆ አረንጓዴ ሲመጣ ነው የጨነቀው።"

ሄርሜላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ይህ ምን ቀለም ነው?" የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መጣ። ላብ ችፍ ያለበት ግንባሩ፣ ሽቦውን ሲያሻሽ የነበረው አውራ ጣቱ፣ ሊጠይቃት የከፈተው አፉ፣ ሁሉም መጣባት። ደጀኔ የሚፈልገው ቋጠሮውን ነበር።

"የገደልኩት እኔ ነኝ" አለች ሥርጉት። "ወደ ሐዋሳ የሄዳችሁ ሰሞን የሠርግ ልብስ ተደራርቦብኝ ነበር። እቋጥራለሁ ብዬ ነበር፣ ቋጥሬያለሁም መስሎኝ ነበር። ሲመለስ ‘ሥርጉት፣ ክሩ አልነበረም’ አለኝ፣ ይህንኑ ብቻ። አልተቆጣኝም። ይኸው ስሙ ጠፋ፤ ያ ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ እየዞረ ይሆናል መንገዱን ያላየው። አንዲት ቋጠሮ ረስቼ።"

"አልረሱም።"

"ምን?"

"አልረሱም፣ እትዬ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።" የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ ጠቀለለችው። "ውዳቂ ነው የመሰለኝ። ንጽሕና ነጥብ አለው ብዬ ሁሉንም ቆረጥኩት።"

ሥርጉት ካልሲዋን ጨብጣ ቀና አለች።

"በምን?"

"እ?"

"በምን ቆረጥሽው? በእጅሽ ነው?"

"በመቀስ። ቲቸር ከቤት ያመጣው ጥቁሩ መቀስ ነበር።"

"የኔው መቀስ ነዋ" አለች ሥርጉት። የስፌት መኪናውን ተደግፋ ቁጭ አለች። "አሥራ ሁለት ቀን! አሥራ ሁለት ቀን እኔ ረሳሁበት ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስዞር፣ እሱ ደግሞ እኔን ላለማሳዘን አፉን ዘግቶ፣ አንድ ቤት ውስጥ እንደ ባዕድ ከረምን። አንቺ ደግሞ እዚያ ማዶ ሆነሽ!"

"ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።"

"አላወቅሽም። አዎ፣ አላወቅሽም።" ድምፅዋ ውስጥ ይቅርታም እርግማንም አልነበረም።

ሄርሜላ የቀረውንም ማውጣት ነበረባት። "ጠጥቷል ብዬ ያወራሁትም እኔ ነኝ። ለጆሲ ነበር የነገርኩት።"

ሥርጉት ዓይኗን ጨፈነች። ከውጭ የመዘምራኑ ድምፅ ይሰማል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ የመዝጊያውን ጸሎት ሊጀምሩ ነው።

"ይህን ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል?" አለች በመጨረሻ። "አባቱ እዚያ ተቀምጠዋል። ምሳ በልተው ይሄዳሉ።"

"ምስጢሩስ? አስምሎኛል አላሉም?"

"ለጠመኔው ብሎ ነበር ያስማለኝ። ከእንግዲህ ጠመኔውን ማን ይነጥቀዋል?" ሥርጉት ነጠላዋን ራሷ ላይ መለሰችና ተነሣች። "ቅደሚ።"

ሄርሜላ ከበሩ እስከ ድንኳኑ ያለውን አሥር እርምጃ እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። መጋቢው መጽሐፉን ገልጠው ነበር፤ ሥርጉት ከኋላዋ ቆማ ሲያዩ ዘጉት። ሰው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ግራጫ ካፖርቱም ዛሬ አለ፤ ከለቅሶ የማይቀር ሰው ነው።

"ቲቸር ደጀኔ አልጠጣም ነበር" አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። "ጠጥቷል ብዬ ወሬውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው።" ከዚያ የክሩን ነገር፣ የመቀሱን ነገር፣ የሐዋሳውን ነገር ሁሉ ተናገረች። ቅደም ተከተሉ ተምታታባት፤ ሁለቴ ወደ ኋላ ተመልሳ አስተካከለች። መሐል ላይ ጆሲ መጥቶ አጠገቧ ቆመና "እኔም አውርቼዋለሁ" አለ።

አብዱልአዚዝ ራሱን ያዘ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ! ጥቁር ሽቦ አልቆብኝ አረንጓዴውን የሰጠሁት እኔ ነኝ እኮ። ‘ምን ልዩነት አለው፣ መስመር መስመር ነው’ ብዬው ነበር። ‘ልክ ነህ’ አለኝና ተቀበለኝ።"

የካፖርቱ ሰውዬ ብርጭቆው ውስጥ የሆነ ነገር የወደቀበት ይመስል አጎንብሶ ያያል።

አቶ ባልቻ ሲሰሙ ፊታቸው አልተነቃነቀም። ሲያበቃ በትራቸውን መሬት ላይ አቆሙ።

"ቀዩን አያይም ነበር?"

"ያያል፣ አባባ። ከጥሬው ግን አይለየውም።"

"ያኔም? ስመታውም?"

ሄርሜላ ወደ ሥርጉት ዞረች። የመለሰችላቸው ሥርጉት ናት። "ያኔም። እሱ ራሱም አያውቅም ነበር። ልጆቹ ሁሉ እንደ እሱ የሚያዩ፣ ግን እነሱ ጎበዞች፣ እሱ ብቻ ሰነፍ የሆነ ይመስለው ነበር። ትልቅ ከሆነ በኋላ ነው ያወቀው።"

ሽማግሌው "እህ" አሉ። አንዴ ብቻ ነው ያሉት፤ ከሆዳቸው የወጣ ነበር። ሦስት ቀን ያልወረደው እንባቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወረደ፤ ሊጠርጉትም እጃቸውን አላነሡም። መጋቢው ጸሎቱን በቆሙበት አደረሱ።

ከምሳ በኋላ የእድሩ ሰዎች ካስማውን ነቅለው ሸራውን ማጠፍ ጀመሩ። ሄርሜላ በረንዳው ላይ ከልብሱ ክምር አጠገብ ተቀምጣለች። ሥርጉት "ለሰው የሚሰጠውን ክሩን ፍቺለት፤ ለማን ምን ያደርግለታል" ብላታለች፤ መቀስ ግን አልሰጠቻትም፣ እሷም አልጠየቀችም። በጥፍሯ ነው የምትፈታው። ሥርጉት አጥብቃ ቋጥራዋለችና አንዷ ብቻ ብዙ ጊዜ ትወስዳለች። የቀኝ እጇ ጥፍር ተሰብሯል።

አቶ ባልቻ ለመንገድ ተነሥተው መጡ። ከክምሩ ላይ አንድ ሹራብ አነሡ።

"ይህን እኔ እወስዳለሁ።"

"እሺ አባባ። ክሩን ልፍታልዎት?" ብላ እጇን ዘረጋች።

"ተው፣ አትፍታ።"

ሹራቡን ገልብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቡና ሲለቅም የኖረ ሻካራ አውራ ጣታቸው አንገቱን ዙሪያውን ፈለገ፤ አልፎት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

"አንድ" አሉ። ትንሽ ቆይተው "ሁለት።" ዓይናቸውን አልገለጡም። "ሁለት ከሆነ ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"አረንጓዴ ነው፣ አባባ።"

"ጥሬው" አሉ ሽማግሌው። መኪናው በር ላይ ጡሩምባ ነፋ፣ ሰው ጠራቸው፤ አውራ ጣታቸው ግን ከቋጠሮው ላይ አልተነሣም።